ያልተሰነጠቀው ቴስታታ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ። ከወንድሜ ጋር ስንት ዓመት ተኮራርፈን መኖራችንን ነግሬያቸዋለሁ። በጎረምሳነቴ የሠራሁትንም አንድ ሳላስቀር ዘርዝሬ፣ ያዘዙኝን ስግደት ሰግጄ ጨርሻለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ትደርስና "የመኪና ነገር ነው፣ እሳቸው ምን ይገባቸዋል" ብዬ እውጣታለሁ። የመኪና ነገር እንዳልሆነ ግን አሳምሬ አውቃለሁ። የሰው ነገር ነው። እኔ አንድ ሰው ሳያጠፋ አጥፍቷል ብዬ በእጄ ጽፌ፣ በእጄ ፈርሜ ከሥራው አስወጥቼዋለሁ።

እናንተ አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። ምናልባት ለመናገር የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል። ብቻ እንዳታዝኑልኝ አደራ። ሳወራ ጨዋታ አዋቂ ነኝ ይባላል፤ ጨዋታዬ እንዳያዘናጋችሁ።

ሙያዬ መካኒክነት ነው። ጅማ ተወለድኩ፤ እዚያው በአሮጌ የጭነት መኪኖች ሆድ ሥር ተኝቼ አደግሁ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ጋምቤላ የመጣሁት ክልሉ ገና ክልል በሆነ ሰሞን ነው። የየቢሮው ታፔላ ቀለም አልደረቀም፤ ሁለት ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ተራ የሚቀመጡበት ጊዜ ነበር። የተመደብኩበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ ሦስት መኪኖች ነበሩት። ሁለቱ ከቆሙ ቆይተዋል፤ አንዷ አዲስ ናት። ጋራዥ የሚባለው በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር የቆመ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኘው መፍቻ በባዶ እጅ አይነሳም፤ በጨርቅ ነበር የምንይዘው። እኔ "የጋራዥ ኃላፊ" የሚል ማዕረግ ነበረኝ። ኃላፊውም ሠራተኛውም እኔው ነበርኩ።

አዲሷ መኪና ባለ ቱርቦ ናፍጣ ናት። ቱርቦ ማለት ለማያውቀው፣ ከሞተሩ ጎን የምትቀመጥ ትንሽ መዘውር ነች። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ራሱ ያሽከረክራታል፤ እሷ በበኩሏ ለሞተሩ አየር ትገፋለታለች። መኪናው ጭቃ ሲታገል ወይም ዳገት ሲወጣ ግላ ትቀላለች፤ ከመቃጠል የሚያድናት በውስጧ የሚያልፈው ዘይት ነው። ዛሬ ይህን እንደ አስተማሪ አወራዋለሁ። ያኔ ግን ቱርቦ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። የሞተርን ሕመም በድምፁ የሚለይ ተብዬ የመጣሁ ሰው፣ በየትኛው አፌ አላውቅም ልበል?

ሾፌሯ ኦጁሉ ይባላል። አኝዋክ ነው፣ እዚሁ ባሮ ወንዝ ዳር ተወልዶ ያደገ። በመሥሪያ ቤታችን ከአገሬው ሰው የመጀመሪያው ሾፌር እሱ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ኢታንግ በነበረው የስደተኞች መጠለያ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ሲሠራ ቆይቶ፣ መንዳትም ከእነሱ ነው የተማረው። አማርኛው የሥራ አማርኛ ነው። "አንቱ" የሚባለውን አልለመደውምና ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ይላል፤ እኔንም "አለቃ፣ አንተ" ይለኝ ነበር። ንቀት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰው ፊት ሲለኝ ይቆረቁረኝ ነበር። ይህንንም ከበደሌ ጋር ደምሩት።

ኦጁሉ አንድ ልማድ ነበረው። ከመንገድ ሲመለስ ግቢ ገብቶ ይቆማል እንጂ ሞተሩን አያጠፋም። የተሳፈረው ሰው ወርዶ፣ ዕቃው ተራግፎ፣ ሁሉም ወደየቢሮው ከገባ በኋላ እሱ መሪው ላይ እጁን ጭኖ ተቀምጦ ይቆያል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ይሠራል። ሦስት አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው ቁልፉን የሚያዞረው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ "ውስጧ ቀይ ነው፤ ትንሽ ትቀዝቅዝ" ይላል። መኪናቸው የቆመባቸው ሁለቱ ሾፌሮች ይስቁበት ነበር። "መኪናዋን እያስተኛ ነው" ይላሉ። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ።

በዚያን ጊዜ የናፍጣ ነገር ጭንቅ ነበር። ቦቴው ከላይ በጎሬ በኩል ነው የሚወርደው፤ ዝናብ ሲበረታ መንገዱ ይቆረጥና ከተማው ሁሉ በርሜል እያንጋደደ ይጠብቃል። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሰብስቦን ነዳጅ እንድንቆጥብ ተናገረ። ሌላው ሁሉ ጸጥ ሲል እኔ ተነሳሁ። ነዳጅ የሚባክነው ግቢ ውስጥ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ነው አልኩ። የማንን መኪና እንደምል ሁሉም ገብቶት ዞር ዞር ብሎ ኦጁሉን አየው። ኃላፊው ሐሳቤን ወደደው። በማግስቱ ካርቶን ቀድጄ፣ በዚያ ጥሩ ነው በሚባለው እጅ ጽሑፌ "ወደ ግቢ የገባ መኪና ሞተሩን ወዲያው ያጥፋ። የማያጠፋ ሾፌር ይጠየቃል" ብዬ ጻፍኩና ማንጎው ላይ በምስማር መታሁት።

ኦጁሉ ካርቶኑን አንብቦ ወደ እኔ መጣ።

"አለቃ፣ ይቺ እንደ ሌሎቹ አይደለችም። ቱርቦ አላት። ወዲያው ካጠፋን ዘይቱ ውስጧ ይቃጠላል።"

"አንተ መሪህን ያዝ፤ ሞተሩን ለእኔ ተወው" አልኩት።

"እሺ" አለ። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭቃም ይምጣ ከዳገት፣ ግቢ እንደገባ ያጠፋል። ታዛዥ ሰው ነበር። ምነው ባይታዘዘኝ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ይህም ጥፋቱን ወደ እሱ ማስጠጋት ነው፤ ትቼዋለሁ።

ክረምቱ ሳይጋመስ መኪናዋ ማጨስ ጀመረች። ጭሱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው፤ ይህን ማንም መካኒክ ያውቃል። ጥያቄው ዘይቱ ከየት ገባ የሚለው ነው። አንድ ጠዋት ኃላፊው፣ ሁለቱ ሾፌሮች፣ ጸሐፊዋም ሳትቀር መኪናዋን ከበን ቆመናል። እኔ ጭሱን አሸትቼ፣ ሞተሩን አዳምጬ ግንባሬን ቋጥሬያለሁ። ኦጁሉ ከኋላ ሆኖ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ "አለቃ፣ ቱርቦዋ ይመስለኛል። ያቺን ከቱርቦዋ የምትወጣውን የጎማ ቱቦ ፍታና በጣትህ እይ። ዘይት ካለ እሷ ናት" አለ።

ትክክል ነበር። አንድ ማጥበቂያ ፈትቶ፣ ጣት አስገብቶ ማየት ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሁሉም እኔን ያዩ ነበር። የማደርገውን ሾፌር ሲነግረኝ፣ ያውም ማንጎው ላይ የሰቀልኩት ካርቶን ከራሳችን በላይ ተሰቅሎ ሳለ። "ቴስታታው ይከፈታል" አልኩ።

ቴስታታ የምንለው ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ከባዱ ብረት ነው። እሱን መክፈት የመጨረሻው ነገር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ያፈሰሰው ቧንቧ ይሁን አይሁን ሳያዩ የቤቱን ጣሪያ እንደ ማንሳት ነው። በዚያ ላይ አንዴ ከተከፈተ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያው ማለቴ ነው፣ ተመልሶ አይገጠምም፤ አዲስ ያስፈልጋል። አዲስ ደግሞ ጋምቤላ የለም። ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ያም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ቴስታታው ይከፈታል ስል ወረዳ የሚወጣው ሰው ሁሉ የሚጠብቃትን ብቸኛ መኪና ለአንድ ክረምት እንደማቆም አውቅ ነበር።

አሁን የማልዘለው ነገር ላይ ደርሰናል። ቴስታታ ለማንሳት አስቀድሞ ያቺ የጎማ ቱቦ መፈታት አለባት። መንገድ ትዘጋለች፤ እሷ ሳትነሳ ሌላው አይነሳም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ የቴስታታውን አንድ ቡሎን እንኳ ሳልነካ ቱቦዋን ፈታሁ። ዘይት ወረደ። አልተንጠባጠበም፤ ወረደ። እጄን አልፎ እስከ ክርኔ ደረሰ። ጣቴን ወደ ቱርቦዋ አስገብቼ ዘንጓን ብነካት እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀች። በጥፍሬ ብፍቃት የተቃጠለ ዘይት ጥቁር ፍርፋሪ ሆኖ ወጣ። እንደጋለች ያጠፋት ሰው እንደገደላት ቱርቦ የማያውቀው እኔ እንኳ ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ኦጁሉ እጁን አዋሰኝ እንጂ ያጠፋው የኔ ካርቶን ነው።

ማቆም እችል ነበር። ብቻዬን ነበርኩ፤ ኦጁሉ ቦኖ ላይ ውሃ ሊቀዳ ሄዷል። "ኦጁሉ፣ ልክ ነበርክ" ብል ምን እሆን ነበር? ሁለት ቀን ቢሳቅብኝ ነው። ከሥራ አልባረር፣ አልታሰር። እኔ ግን ዘይቱን በጨርቅ ጠረግሁ። ጨርቁን ጠቅልዬ ከበርሜሉ ኋላ ወረወርኩት። ከዚያ የቴስታታውን የመጀመሪያ ቡሎን ፈታሁ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቴስታታው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ሁሉ ንጹሕ ነበር። ሲሊንደሩ ከፋብሪካ የወጣበት ጭረት ሳይጠፋ እንዳለ አለ። ማሸጊያው አልተቃጠለም፤ እኔ ቀደድኩት እንጂ እሱስ ደህና ነበር። ጤነኛ ሞተር ፊቴ ተከፍቶ ተኛ። በሕይወቴ ጤነኛ ነገር አይቼ እንደዚያን ቀን ደንግጬ አላውቅም።

ኦጁሉ በየቀኑ ይመጣ ነበር። መኪና ስለሌለው ሥራ የለውም፤ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ይቀመጥና ያየኛል። ዕቃ አቀብል ስለው ያቀብላል። በሦስተኛው ቀን "አለቃ፣ ምን አገኘህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቴስታታውን ገልብጬ ጥላሸቱን በናፍጣ አጠብኩት። በሁለቱ ቫልቮች መካከል ፀጉር የመሰለች መስመር ነበረች። እንዲህ ያለች መስመር በብዙ የናፍጣ ሞተር ላይ ትታያለች፤ ከላይ ናት፣ ወደ ውስጥ አትዘልቅም፣ ምንም አትጎዳም። ለመካኒክ ተራ ነገር ናት። ለሾፌር ግን አይደለችም።

"አየሃት?" አልኩት ጥፍሬን መስመሯ ላይ አድርጌ። "ተሰንጥቋል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቋል ማለት ነው።"

ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ይከራከረኛል ብዬ ነበር። ቢከራከረኝ ኖሮ ምናልባት እሸነፍለት ነበር። እሱ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ አንድ ነገር ያስታወሰ ሰው ፊት ሆነ።

"አንድ ቀን ከአቦቦ ወረዳ ስመለስ መርፌዋ ወደ ላይ ወጣች" አለ። "ቆምኩ። እስክትበርድ ጠበቅሁ። ከወንዝ ውሃ ቀድቼ ጨመርኩ። አንድ ቀን ብቻ ነው፣ አለቃ።"

መርፌዋ የሚለው የውሃውን ሙቀት የምታሳየውን ነው። ቆሞ፣ አቀዝቅዞ፣ ውሃ መጨመር የጥሩ ሾፌር ሥራ ነው። ልክ እንደሚገባው ነው ያደረገው፤ ማንም አልጠየቀውም፣ ማንም አላየውም፣ ከራሱ አውጥቶ ነገረኝ። እኔ ግን ያን እውነቱን ከእጁ ተቀብዬ በራሱ ላይ መለስኩበት። "ያቺ ናታ!" አልኩት። "ቱርቦዋስ?" ሲለኝ "እሷም በዚያው ሙቀት ነው የሄደችው" አልኩት። አመነኝ። ከእሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ ብሎ አመነኝ።

ሪፖርቱን በዚያው ሳምንት ጻፍኩ። ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ "ሞተሩ ከመጠን በላይ እንዲሞቅ በመደረጉ ቴስታታው የተሰነጠቀ ሲሆን፣ ሾፌሩም ይህንኑ በቃሉ አምኗል" ይላል። ሾፌሩም በቃሉ አምኗል! እንዲያውም ጥሩ አድርጌ ጻፍኩት ብዬ ሁለቴ አነበብኩት።

ኃላፊያችን ኦጁሉን ይወደው ነበር። እሱም አኝዋክ ነው፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ አዲስ ሹመቱ ገና ያልተመቸው ሰው። እኔ ግን አንድ ነገር ስለእሱ አውቅ ነበር። "ለወገኑ ያደላል" መባልን ከምንም በላይ ይፈራል። በዚያን ጊዜ ከደጋ የመጣነው ሠራተኞች ይህንኑ ለማለት ሰበብ ስንፈልግ ነበር የምንውለው፤ ክፉ ሐሜት ነበረን፣ አልክድም። እና ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ብዙ እንደማይመረምር አውቅ ነበር። ኦጁሉ የእኔ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ "ሌላ መካኒክ ይየው" ይል ነበር። የራሱ ሰው ስለሆነ ጨከነበት። ያንን ጭካኔ አስልቼበት ነው የሄድኩት። ሰው በጥሩነቱ እንዴት እንደሚጠመድ እዚያ ነው የተማርኩት፣ አጥማጁ ራሴ ሆኜ።

ኦጁሉ ተሰናበተ። የመጨረሻ ቀን የመኪናዋን ቁልፍ አምጥቶ ለእኔ ሰጠኝ፤ መስጠት የነበረበት ለግቢው አስተዳዳሪ ነበር። "አለቃ፣ ስትሠራ ደህና አድርጋት" አለኝ። "እሺ" አልኩት።

የቀረውን ቶሎ ልጨርሰው። ዕቃ ሲታዘዝ ከማሸጊያውና ከአዲሱ ቴስታታ መካከል ቱርቦ ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ማንም ልብ አላለም። ዕቃው ክረምቱ ካለቀ በኋላ መጣ። መኪናዋ ተነሳች፣ ጭስም የለ። ተመሰገንኩ። ካርቶኑን ራሴ ከማንጎው ላይ ነቀልኩት። ለአዲሱ ሾፌር ደግሞ "ባለ ቱርቦ መኪና ወዲያው አይጠፋም፤ ሦስት አራት ደቂቃ ታገሣት" ብዬ አስተማርኩት። ከዚያ ወዲህ ጋምቤላ ውስጥ ስንቱን ሾፌር ይህን አስተምሬያለሁ። "እሱ እኮ የቱርቦ ሊቅ ነው" ይሉኛል። የኦጁሉን ትምህርት ነው በስሜ የምሸጠው። ያ ተሰንጥቋል ያልኩት ቴስታታስ? ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ መሥሪያ ቤት መኪና ገጠምኩት። ስንት ዓመት ሠራ! እኔ ነኝ የማውቀው፤ መኪናው ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህንን ሳስብ ነው ውስጤ የሚቆስለው። ከዚያ በኋላ የአገሬው ልጅ ለሾፌርነት ባመለከተ ቁጥር በየቢሮው "የኦጁሉን አላያችሁም?" ይባል ጀመር። አንድ ገጽ ወረቀት ነው የጻፍኩት። ስንት በር እንደዘጋ አላውቅም። ሰው ስሙን ሲጠራው አብሬ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስስም የምውል፣ የሰው ላብ የማልነካ፣ ሲመዘን ጉድለት የሌለብኝ የምመስል ሰው። ይህን ሁሉ መሆን ከዚያ ወረቀት ጋር እንዴት ተስማምቶልኝ ኖረ?

ዓመታት ሄዱ። እኔ ጋምቤላ ቀረሁ፤ ልጆቼ እዚሁ ተወለዱ፤ ጡረታም ወጣሁ። ኦጁሉን በገበያ ከሩቅ አየው ነበር። ወንዝ ዳር በቆሎ ያርሳል፣ ዓሣም ይሸጣል ሲባል እሰማለሁ። ሲያየኝ እጁን ያነሳልኛል። እኔም አነሳለሁ፤ ከዚያ መንገዴን እቀይራለሁ።

ባለፈው በጋ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ባጃጅ ደጃችን ቆመ። ኦጁሉ ነው። ከቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ሽማግሌ ይዞ መጥቷል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ቁመቱ ግን ያው ነው፣ ከበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ። ባለቤቴ አልማዝ ወንበር አቀረበች፣ ውሃ ሰጠች። ውሃውን ጠጥቶ ጉልበቱ ላይ እጆቹን አደረገ። እውነቱን አወቀ ብዬ አሰብኩ። ሊጠይቀኝ መጣ፣ እፎይ፣ አለቀ። እመኑኝ፣ በዚያች ቅጽበት ደስ ያለኝ ይመስለኛል።

"አለቃ" አለ፣ "በእኛ ቤተ ክርስቲያን የበደላችሁትን ሰው ሂዱና ይቅርታ ጠይቁ ይሉናል። እኔ ብዙ ጊዜ አሰብኩ። የመንግሥት መኪና አቃጠልኩ። አንተ ስንት ቀን በፀሐይ ለፋህ። የእኛ ልጆች ሥራ ሲፈልጉ በእኔ ስም ተሰደቡ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ንዳልን አሉኝ፤ እንቢ አልኩ። መሪ አልያዝኩም፤ ሞተር የሚያቃጥል ሰው ነኝ አልኳቸው። አንተን ብቻ ነው ያልጠየቅሁት። ይቅር በለኝ።"

ሽማግሌው አንገቱን ደፍቷል። አልማዝ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ እንኳ በደንብ ሳታውቅ "ይቅር በለው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ" አለችኝ።

ያኔ ሪፖርቱን ስጽፍ እንጀራዬን ፈርቼ ነው፣ ክብሬን ፈርቼ ነው እል ነበር። አሁንስ ምን ነበር የምፈራው? ጡረተኛ ነኝ፤ የሚያባርረኝ የለም፣ የሚከሰኝ የለም፣ ያ መሥሪያ ቤት ራሱ ስሙ ተለውጧል። ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው። "አንተ አይደለህም" ማለት። ኦጁሉ ዓይኔን እያየ ይጠብቃል። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ይቅር ለእግዚአብሔር" የሚለው ነው።

የትከሻው ክብደት ሲወርድ አየሁት። ፈገግ አለ። ተነስቶ አቀፈኝ፤ "እግዚአብሔር ይባርክህ፣ አለቃ፤ ዛሬ ቀለለኝ" አለኝ። አልማዝ "እንዲህ ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል" አለች፣ እሱን ይሁን እኔን አላወቅሁም።

ይህን ስጽፍ ኦጁሉ በሕይወት አለ። ቤቱ ሩቅ አይደለም። ይህን ለእናንተ ከመንገሬ በፊት ለእሱ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩትም። ለማያውቁኝ ሰዎች መናገር እንደሚቀል አስቀድሜ ነግሬአችኋለሁ። ስለዚህ ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለም፣ ብትሰጡኝም አይሆነኝም። ፈርቼ ነው አልልም፣ ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ዘመኑ ነው አልልም። የመጀመሪያው በደሌ ወረቀት ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰውዬው በገዛ እግሩ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ዓይኔን እያየ፣ ያላጠፋውን ጥፋት ይቅር ብዬው እስከ በር መሸኘቴ ነው።